ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር

ሰው ሁሉ ዛሬ «አውሮፕላን የወደቀባቸው ሴትዮ» ይላቸዋል። እኛ የሰፈሩ ሰዎች ግን ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ እትዬ ቁልፍ ነው የምንላቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሙያቸው ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ የቁልፍ ቀዳዳ ለስፌት መኪና ሰጥተው አያውቁም፤ አንድ በአንድ በእጃቸው ይዘመዝማሉ። «መኪና የሠራው ቀዳዳ ሁለት ወር ሳይሞላው አፉን ይከፍታል» ይላሉ። የራሳቸው አፍ ግን ቁልፍ የለውም። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው ወሬ ሰምቶ፣ ምክር ተመክሮ፣ አንዳንዴም ተቆጥቶ ነው የሚወጣው።

እኔ ከሳቸው ቤት ሦስተኛው በር ላይ ነው የምኖረው። ይህን ታሪክ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን ደግሞ እግራቸው በጄሶ ታስሮ ከተኙበት የሆስፒታል አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ። ከራሴ የጨመርኩት የለም። የቀነስኩት ስድቡን ብቻ ነው።

ቤታቸው በአንድ መስመር የተሠሩ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ወደ መንገዱ የሚከፈተው የሥራ ክፍል ነው፤ ከኋላው ሁለት አልጋ የተዘረጋበት መኝታ ቤት አለ፤ ከዚያ ጠባብ ግቢ፣ ከግቢው ጥግ የቆርቆሮ በር ያለው ሽንት ቤት። በሥራው ክፍል ውስጥ በመስኮቱ በኩል በእግር የምትረገጠው የስፌት መኪናቸው ቆማለች። መሀሉን የያዘው የመቁረጫ ጠረጴዛ ነው። እሱን ከአንድ ሱቁን ከዘጋ አናጢ ነው የገዙት፤ ሲገባ አራት ወንዶች ተሸክመውት በሩን ነቅለው ነበር ያስገቡት። «ይሄ ጠረጴዛ ከኔ በፊት አይሞትም» ይሉ ነበር።

መኝታ ቤቱን የሚጋሩት ከታላቅ እህታቸው ጋር ነው። ታላቅየዋን ሰፈሩ «ጄኔራሏ» ይላቸዋል፤ በፊታቸው ግን ደፍሮ የጠራቸው የለም። ሃያ ስምንት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው የስንቱን ሰው ድምፅ ሲያገናኙ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት ጆሯቸው ጥሏቸው ሄደ። ቀኙ ጭራሽ አይሰማም። ግራው ደግሞ እትዬ ቁልፍ እንደሚሉት «የሚፈልገውን ይሰማል»። አንዷ ባሏ ሞቶባት፣ ሌላዋ ጭራሽ ሳታገባ፣ ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ጣሪያ ሥር ከገቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሳይጣሉ የዋሉበትን ቀን ግን እኔ አላስታውስም።

በዚያን ቀንም ተጣልተው ነበር። ጠዋት ሻዩ ላይ ነው። ጄኔራሏ ስኳር አነሰው አሉ፤ እትዬ ቁልፍ ሐኪሙ ስኳር ቀንሺ ብሎሻል አሉ። ከአንድ ማንኪያ ስኳር ተነስተው የዛሬ ሠላሳ ዓመት እናታቸውን ማን እንዳስታመመ እስከ መከራከር ደረሱ። መጨረሻ ላይ እትዬ ቁልፍ «እስቲ ተይኝ! ሂጂና ተኚልኝ!» ብለው ጮኹ። ጄኔራሏ በሩን ጓ አድርገው ዘግተው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ከምሳ በኋላም ወደ ሥራው ክፍል አልወጡም።

አየሩ ከማለዳው ጀምሮ አኩርፎ ነበር። ጉሙ ከሰማይ ወርዶ መንገድ ለመንገድ ይዞራል፤ ከማዶ ያለው ፀጉር ቤት እንኳ አይታይም። እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ስምንት ሰዓት ሲል ዝናቡ ወረደ፤ ወዲያው በረዶ ቀላቀለበትና የሰፈሩን ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ይደበድበው ጀመር።

ከሰፈራችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቆ አነስተኛ የአውሮፕላን ማረፊያ አለ። ትናንሽ አውሮፕላኖች በየቀኑ በጣሪያችን ላይ ያልፋሉ፤ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ድምፃቸው ከሚኒባስ ድምፅ አይለይም። እትዬ ቁልፍ በዚያ ዝናብ መሀል አንዱን ሰሙት፤ ያልለመዱት ነገር ግን ነበረው። ድምፁ ይመጣል፣ ይቆረጣል፣ ይመጣል። «እንደሚያስለው ሰው» አሉኝ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። እሳቸውም አለፈ ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ያን ጊዜ ከጣታቸው ስፒል አመለጠችና ከጠረጴዛው ሥር ገባች። በጉልበታቸው ተንበርክከው ሊያነሷት ገቡ። የሰፈሩ ሰው ዛሬ ሲያወራ «ቁልፍ ወድቆባቸው፣ ቁልፍ አዳናቸው» ይላል፤ ከስማቸው ጋር እንዲገጥምለት ነው። እሳቸው በዚህ ይናደዳሉ። «ስፒል ናት! ባለ ነጭ ራስ ስፒል!»

ቀጥሎ የሆነውን መጀመሪያ የሰሙት በጆሯቸው አይደለም፤ ወለሉ ከሥራቸው ሲዘል ነው። ከዚያ ጣሪያው ወረደ። ኮርኒሱ፣ ቆርቆሮው፣ የጣሪያው እንጨት፣ በመደርደሪያ ላይ የነበረው ጣቃ ሁሉ፣ የግድግዳው ብሎኬት። ጠረጴዛው አንዴ አቃሰተ፤ አልተሰበረም። አቧራው ሲቀንስ እትዬ ቁልፍ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ቀኝ እግራቸው ከጠረጴዛው ውጭ ነው፣ ላዩ ላይ የራሳቸው የስፌት መኪና ተጋድማለች፣ መኪናዋ ላይ ደግሞ የጣሪያ ተሸካሚ እንጨት ተደግፏል። እንጨቱ የተሸከመውን ገና አላዩም። የታያቸው በጠረጴዛውና በፍርስራሹ መሀል የቀረ የመሶብ ክዳን የማታህል ክፍተት ብቻ ነች። በዚያች ክፍተት ዝናብ ይገባል፤ ከዝናቡም ጋር ሌላ ነገር ይንጠባጠባል፤ የሚሸት።

«ሰው አለ?» አለ ከላይ የመጣ ድምፅ። «እታች ሰው አለ?»

«መልአክ መስሎኝ ነበር» አሉኝ እትዬ ቁልፍ። «ግን መልአክ ቤንዚን አይሸትም።»

«አለሁ!» አሉ። «አንተ ማነህ?»

«አብራሪው ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ።»

«ይቅርታውን ቆይ አቆየው። ቤቴ ላይ ምን አምጥተህ ነው የጣልክብኝ?»

«አውሮፕላን ነው።»

«ትልቅ ነው?»

«ትንሽ ነው፤ ባለ አንድ ሞተር። ብቻዬን ነኝ።»

«ትንሽ ከሆነ እግሬን ምን እንዲህ አድርጎ ያዘው ታዲያ!»

እግራቸውን ለማውጣት ባለ በሌለ ኃይላቸው ሳቡ። መኪናዋ ተንሸራተተች፣ እንጨቱ ጮኸ፣ ከላይ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ስንዝር ወረደ። አብራሪው እንደ ሕፃን ጮኸ። በክፍተቷ በኩል የተሰበረ መስታወትና ከመስታወቱ ውስጥ የተንጠለጠለ የሰው እጅ ብቅ አለ።

«አይንቀሳቀሱ! በፈጣሪ አይንቀሳቀሱ!»

ያኔ ነገሩ ገባቸው። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ጣሪያውን በስቶ ከጠረጴዛው በላይ ተንጠልጥሏል። የያዘው ያ አንድ እንጨት ነው፤ እንጨቱን የያዘችው መኪናዋ ነች፤ መኪናዋን የያዘው የሳቸው እግር ነው። እሳቸው እግራቸውን ካወጡ እሱ ይወርዳል፤ እሱ ከተወራጨ ደግሞ እሳቸው ላይ ነው የሚወርደው። የሱም ሁለት እግር ከፊቱ ባለው ብረት መሀል ተይዟል።

«እንግዲህ ተሳስረናል» አሉ እትዬ ቁልፍ።

በዚህ ጊዜ እኛ ውጭ ነን። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል፤ ከሃምሳ እርምጃ ይበልጥ ግን የቀረበ የለም። የአውሮፕላኑ ጭራ ከቤቱ ጀርባ ወደ ሰማይ ቆሟል፤ አንዱ ክንፍ መኝታ ቤቱን ሰንጥቆ ገብቷል፤ ቤንዚኑ ከሩቅ ይሸታል። «ይፈነዳል! ራቁ!» ይላል አንዱ። «ከዚህ ውስጥ ነፍስ ያለው አይተርፍም» ይላል ሌላው። ይህን ሁለተኛውን ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። በረዶው ቆርቆሮውን ሲመታ አጠገቤ ያለው ሰው የሚለው እንኳ አይሰማኝም ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ ሥር ሆነው የኛን ጫጫታ አልፎ አልፎ ይሰሙ ነበር። ጮኹ። በመቀሳቸው የጠረጴዛውን እግር መቱ። ሰው በደጅ እንዳለ እያወቁ ሰው አለመስማቱ ከእግራቸው ሕመም የባሰ ነበር አሉኝ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ካውያው! መብራት ሲጠፋ ኮሌታ እየተኮሱ ነበር፤ ካውያውን ሳይነቅሉ ነው የተዉት።

«ልጄ» አሉ፣ «መብራት ቢመጣ ምን ይሆናል?»

«ምን የበራ ነገር አለ?»

«ካውያ።»

አብራሪው «አምፖሉስ?» አለ።

«ቀን አይደል? ማብሪያውን አልነካሁትም።»

«ካውያውን መንቀል አለብዎት እማማ። አሁን።»

ስንት ቀን መብራት ምነው በመጣ ብለው የለመኑ ሴትዮ፣ ያን ቀን ምነው በቀረ ብለው ለመኑ። የካውያው ገመድ በፍርስራሹ መሀል ይታያቸዋል፤ የተሰካበት ማከፋፈያ ከጠረጴዛው ማዶ እግር አጠገብ ወድቋል። ክንዳቸው አይደርስም። ጨርቅ የሚለኩበት ረጅሙ የእንጨት ሜትር ግን ከጎናቸው ነበር። እሱን ዘርግተው የሶኬቱን አንገት ለመጎተት ሞከሩ። ይነካል፣ ያመልጣል። ወገባቸውን ትንሽ ቢያዞሩ ይደርሱ ነበር፤ ወገባቸውን ካዞሩ ግን እግራቸው ይዞራል። ከትከሻቸው በታች ድንጋይ ሆነው፣ በእጃቸው ብቻ፣ ስንት ጊዜ እንደሞከሩ አያውቁትም። መጨረሻ ላይ ሶኬቱ ተነቅሎ ወጣ።

«ወጣ!» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በጄ ይዤዋለሁ። ላሳይህ እንዴ?»

ብዙም ሳይቆይ ከማዶው ፀጉር ቤት ሬዲዮ ድንገት ዘፈን ለቀቀ። መብራት መጥቶ ነው። ሰፈራችን መብራት ሲመጣ በፉጨትና በጭብጨባ ነው የሚቀበለው፤ ያን ቀን ያጨበጨበ የለም። ሁለቱ ከፍርስራሹ ውስጥ ሆነው ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

እትዬ ቁልፍ እህታቸውን ያሰቡት ከዚያ በኋላ ነው። «አፍራለሁ» አሉኝ ይህን ሲነግሩኝ። «ከእህቴ በፊት ካውያዬን አሰብኩ።» በጠዋቱ ጠብ «ተኚልኝ» ብለው መኝታ ቤት ያስገቧት እሳቸው ናቸው። «እቴ! እቴ!» ብለው ጮኹ። ማን ይመልስ? ደህና ብትሆንም አትሰማ።

«ልጄ፣ ከኔ ኋላ ያለው ክፍል ከዚያ ሆነህ ይታይሃል?»

«ይታየኛል» አለ።

«ሁለት አልጋ አለ። በግድግዳው በኩል ያለው ላይ እህቴ ተኝታለች። እንዴት ነች?»

«አልጋው ባዶ ነው እማማ። ማንም የለበትም።»

«በደንብ እይልኝ!»

«አየሁት። ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ እንኳ እንደታጠፈ ነው።»

ጄኔራሏ ከተወለዱ ጀምሮ ብርድ ልብስ አጥፈው አያውቁም። ሲያዙ ነው እንጂ ሲያጥፉ ያያቸው የለም። ያን ቀን ጠዋትም ያ ብርድ ልብስ ከአልጋው ወርዶ ግማሹ መሬት ላይ ነበር፤ እትዬ ቁልፍ ራሳቸው ረግጠውት አልፈዋል።

ስለዚህ ልጁ ዋሽቷል። ወይ አይታየውም፣ ወይ ያየውን መንገር አልፈለገም።

«ታዲያ ምን አሉት?» አልኳቸው።

«ምንም።» ጣሪያውን እያዩ ነበር ሲመልሱልኝ። «ምን ልበለው? ዋሽተሃል ብለው እውነቱን ይነግረኛል። እውነቱን ካወቅሁ እግሬን መንቀሌ ነው፤ ራሴን አውቃለሁ። ከነቀልኩ እሱን ገደልኩት፣ እኔም ከሥሩ ነኝ። ስለዚህ ባዶ ነው ያለኝን ያዝኩ። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ያዝኩት።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አያልቅም ነበር። የአብራሪው ድምፅ እየሳሳ ሄደ። «ተኛህ?» ሲሉት «አልተኛሁም» ይላል፤ ሲጠሩት ግን በሦስተኛው ነው የሚመልሰው። እትዬ ቁልፍ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን የልብስ ሜትር አውልቀው አንዱን ጫፍ በእንጨቱ ሜትር ራስ ላይ ጠቅልለው ወደ እጁ ሰደዱለት። ጫፉ መዳፉን ነካው፤ እሱ ግን እንደ ዓይነ ስውር በአየር ላይ ሲዳብስ ቆይቶ ነው የያዘው። ያኔ እንደማያይ አረጋገጡ።

«እኔ ስስበው አንተም ትስበዋለህ። ካልሳብክ ሞቷል ብዬ መጮኼ ነው።»

«እሺ እማማ።»

«ቁመትህ አንድ ሰባ ስምንት አካባቢ ነህ?»

«አንድ ሰባ ዘጠኝ። እንዴት አወቁ?»

«ከእጅህ። የእጅ ርዝመት አይዋሽም። ሚስት አለህ?»

ሚስት አለው፤ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። ልጅቷ አባቷ የት እንደሚሠራ ሲጠይቋት ወደ ሰማይ ስለምትጠቁም ሙአለሕፃናት ውስጥ አባቷ የሞተ መስሏቸው አስተማሪዎቿ ያባብሏት ነበር። እትዬ ቁልፍ ከነሕመማቸው ሳቁ፤ ሳቁ ወገባቸውን ሲያነቃንቀው ደንግጠው አቆሙ። ሲስቁ እንኳ ፈቃድ የሚያስፈልግበት ቦታ ነበር።

ቆየት ብሎ ሳይጠይቁት ተናገረ። የፖስታ ጭነቱን አድርሶ ባዶውን እየተመለሰ ነበር። ደመናው ውስጥ ሲገባ ብርዱ ሞተሩ አየር የሚስብበት ቱቦ ውስጥ በረዶ ሠራ፤ ሞተሩ ታፈነ። ለዚህ የተሠራ ማሞቂያ አለ።

«ዘግይቼ ነው የከፈትኩት» አለ። «ሁለት ደቂቃ ቀደም ብል ኖሮ እርስዎ አሁን ኮሌታ እየተኮሱ ነበር። ኳስ ሜዳው ላይ ላሳርፈው ነበር። ጉም ሸፍኖት ነበር፤ ከጉሙ ስወጣ ከፊቴ ያየሁት ቤት ነው።»

እትዬ ቁልፍ ሜትሩን ሳብ አደረጉት። እሱም ሳበ።

አሥር ሰዓት ላይ በረዶው ቆመ፤ ዝናቡም ወደ ካፊያ ወረደ። የእሳት አደጋ መኪና ደርሶ ነበር፤ ግን መንገዳችን ጠባብ ነው፣ መኪናው አፉ ላይ ቆሞ ሠራተኞቹ ቱቦ በትከሻቸው ተሸክመው ነው የገቡት። ፍርስራሹ ላይ አረፋ መርጨት ሲጀምሩ ከግቢው ጥግ ጓ! ጓ! ጓ! የሚል የቆርቆሮ ድምፅ ተሰማ።

«ሰው አለ!» አለ አንዱ ሠራተኛ።

ሽንት ቤቱ ነው። ከአውሮፕላኑ ጭራ ተገንጥሎ የወደቀ ክንፍ በሩ ላይ ተኝቶ ዘግቶታል። አንስተው ሲከፍቱት ጄኔራሏ ብቅ አሉ። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ በእጃቸው የውኃ ማንቆርቆሪያ ይዘዋል።

«ሁለት ሰዓት!» አሉ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ስመታ! የዚህ ሰፈር ሰው ደንቆሮ ነው?»

መሬቱ ሲናወጥ የጎረቤት ግንብ የፈረሰ መስሏቸዋል፤ በሩንም ነፋስ የዘጋው። ከዚያ ዞር ብለው ቤታቸውን አዩ። ማንቆርቆሪያው ከእጃቸው ወደቀ።

«እህቴስ?»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ወደ ፍርስራሹ ሲሄዱ የእሳት አደጋው አለቃ ክንዳቸውን ያዘ። «መቅረብ አይቻልም እናቴ።»

«ለማን ነው የምትነግረው?» ብለው እጁን አራገፉት። ግን አልሮጡም። ቀጥ ብለው ቆመው፣ ያን ሁሉ ዓመት በስልክ ቤት የሠሩበትን ድምፃቸውን ለቀቁት፤ ከፍ ያለ፣ የጠራ፣ የማይቸኩል።

«ሃሎ! ታናሽዬ! ትሰሚኛለሽ?»

ከፍርስራሹ ውስጥ የቀጠነ ነገር መለሰ። ሁላችንም ሰማን። እሳቸው ብቻ አልሰሙም።

«ምን አለች?» ብለው እጄን ጨመደዱኝ። «አንተ! ምን አለች?»

«አለሁ አሉ! እግሬን ነው፣ ከጠረጴዛው ሥር ነኝ፣ ልጁም በሕይወት አለ አሉ!»

«ማን ልጅ?»

«አብራሪው!»

ከዚያ በኋላ መስመሩን ያዙት። አለቃው ይጠይቃል፣ ጄኔራሏ ወደ ውስጥ ይጣራሉ፣ መልሱን እኔ በግራ ጆሯቸው እጮኻለሁ፣ ካልገባቸው እንደገና ያስጠይቃሉ። እንጨቱ የቱ ጋ እንደተደገፈ፣ እግራቸው በየት በኩል እንደተያዘ፣ ማን መጀመሪያ መውጣት እንዳለበት ሁሉ በዚህ መንገድ ታወቀ።

እትዬ ቁልፍ የእህታቸውን ድምፅ ሲሰሙ እንዳላለቀሱ ይምላሉ። «አቧራ ነው» ይላሉ።

መጀመሪያ አፍንጫውን በእንጨትና በክሪክ ደገፉት። ከዚያ ጣሪያውን ከላይ ቆርጠው አብራሪውን ለማውጣት አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። እሱ ሲነሳ ሜትሩ ከእትዬ ቁልፍ እጅ እየተንሸራተተ ወጣ። ቀጥሎ ያለውን ሩብ ሰዓት ከሁሉ ያከብዱታል። ከላያቸው ሰው የለም፣ የሚሳብ ነገር የለም፤ ከራሳቸው እግርና ከጠረጴዛው ሆድ በቀር የሚያዩት አልነበረም። «እስከዚያ ድረስ አልፈራሁም» አሉ። «ያኔ ፈራሁ። ረስተውኝ የሚሄዱ መሰለኝ።» አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መኪናዋን ከእግራቸው አንስተው አወጧቸው። በቃሬዛ ሲያልፉ ጄኔራሏ ከጎናቸው እየተራመዱ ፀጉራቸው ላይ ያለውን አቧራ በእጃቸው ያራግፉ ነበር፤ «ቀስ! ቀስ በሉ! ይህ ሰው ነው ወይስ የጨርቅ ጣቃ?» እያሉ።

አብራሪው ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። የእትዬ ቁልፍ ቀኝ እግር ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ዳነ፣ ግን ቁርጭምጭሚቱ አይታጠፍም። የእግር መኪና መርገጥ ቀረ። የአደጋውን ምክንያት ሊመረምሩ የመጡ ሰዎች ጠየቋቸው፤ ስለ ሞተሩ ድምፅ የሰሙትን ነገሯቸው፤ ስለ ማሞቂያው ምንም አላሉም። በኋላ ሲሰሙ ለካ ልጁ ራሱ መጀመሪያውኑ ተናግሮታል።

በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሳሉ የከበዳቸው እግራቸው አልነበረም። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ለእህታቸው ነገሩ ስለ ብርድ ልብሱ። ሁለት ጊዜ ነው የነገሩት፤ የመጀመሪያውን ጄኔራሏ አልሰሙም።

«ሞተሽ ሊሆን ይችላል እያልኩ ነው ዝም ብዬ የተኛሁት» አሉ። «ልትደሚ ትችይ ነበር። ልትጠሪኝ ትችይ ነበር። እኔ አልተነቃነቅሁም።»

ጄኔራሏ ብርቱካን እየላጡ ነበር። ልጠው ጨረሱ፤ ግማሹን ለእህታቸው ሰጡ።

«ብትነቃነቂ ኖሮ ከዚያ ሽንት ቤት ስወጣ ማንን ነበር የማገኘው?» አሉ። «ብዪ።»

እትዬ ቁልፍ በሉ። ግን ይህ መልስ አልፈታቸውም፤ ዛሬም እንዳልፈታቸው አውቃለሁ። ከዚያ ሥር የወጡት በአካል ብቻ ነው። ቤቱ እስኪጠገን የአጎታቸው ልጅ ዘንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው፣ በር በተዘጋ ቁጥር ላብ ያጠምቃቸው ነበር። ሲተኙም ቀኝ እግራቸውን አያንቀሳቅሱም፤ ጄኔራሏ ጠዋት ጠዋት ያሹላቸዋል፤ ደርቆ ነው የሚያገኙት።

አደጋው በደረሰ በስምንተኛው ወር አብራሪው ከነሚስቱ ሊጠይቃቸው መጣ። በክራንች ነው የሚሄደው። አዲሱ ጣሪያ ሥር፣ በሩ አጠገብ አስቀመጡት። ጄኔራሏ ከፊቱ ወንበር ስበው ተቀመጡና ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«አንተ ነህ አልጋዬን ያነጠፍክልኝ?»

ልጁ አቀረቀረ። «ደም ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር እናቴ። ምንም አይታየኝም ነበር። አለች ብል እማማ ይነሳሉ ብዬ ፈራሁ። ለሳቸው ነው፤ ለራሴም ነው። የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም።»

«ብሞትስ ኖሮ?»

«በየቀኑ አስበዋለሁ።»

ጄኔራሏ ከወንበራቸው ተነስተው «ሻይ ስንት ስኳር ነው የምትወስደው?» አሉ።

እትዬ ቁልፍ አሁን በኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚሰፉት። አይወዱትም፤ «እኔን ሳይጠይቅ ይሮጣል» ይላሉ። መኪናውን ከመስኮቱ አንስተው በሩ አፍ ላይ፣ ግማሽ ጎናቸው ከጣሪያው ውጭ እንዲሆን አድርገው ተክለውታል። ዝናብ ሲያካፋ ይረጥባሉ እንጂ አይገቡም።

ባለፈው ሳምንት ሱሪ ይዤ ሄጄ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ጄኔራሏ አጠገባቸው ተቀምጠው ክር ይጠቀልላሉ። ሰማዩ ደመና ነበር። ድንገት የእትዬ ቁልፍ እጅ ቆመ፤ ጣቶቻቸው ጨርቁ ላይ እንደተዘረጉ ቀሩ። እኔ ከአፍታ በኋላ ነው የሰማሁት፤ ከሩቅ፣ ከደመናው በላይ፣ አንድ ትንሽ አውሮፕላን። ጄኔራሏ ምንም አይሰሙም፤ ወደ ሰማይም አላዩም። የሚያዩት የእህታቸውን እጅ ነው። ክራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን በዚያ እጅ ላይ ጫኑ፤ እስኪላላ ድረስም አላነሱትም።

«አለፈ?» አሉ።

«አለፈ» አሉ እትዬ ቁልፍ።

«በይ ስፊ። ሰውየው ሱሪውን ይዞ ይጠብቃል።»